ስሙ የተቀየረ ፎልደርና ሁለት የማይገጣጠሙ ስህተቶች፦ የአንድ የፓይተን ሥራ አካባቢ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

አንድ ዓይነት ኮድ፣ በአንድ ኮምፒውተር ላይ፣ ከአንድ ፎልደር ሲነሳ በተርሚናል አንድ ስህተት፣ በኤዲተር ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ስህተት ይሰጥ ነበር። ጉዳዩ ለእኔ ሲቀርብ የመጀመሪያው መንስኤ በብዙ የመፍትሔ ሙከራዎች ሥር ተቀብሮ ቆይቷል። መንስኤው ራሱ ተራ ነገር ነው፤ ብዙዎች ያውቁታል፣ ያላወቀውም በአንድ አንቀጽ ሊረዳው ይችላል። ለመመዝገብ የሚያበቃው ከእሱ በኋላ የመጣው ሰንሰለት ነው፤ እያንዳንዱ የመፍትሔ እርምጃ በወቅቱ ምክንያታዊ ነበር፣ እያንዳንዱም የፊተኛውን ጥፋት ምልክት ሸፍኖ ለሚቀጥለው መንገድ ከፍቷል። የሰዎቹንና የድርጅቱን ስም አልጠቅስም፤ የፎልደሮቹንም ስም ቀይሬያለሁ።

የጉዳዩ ዳራ

ቡድኑ ትንሽ ነው። የሚሠራው ከተለያዩ ፋይሎች ቁጥሮችን ሰብስቦ ወርሃዊ ሪፖርት የሚያዘጋጅ የፓይተን ፕሮግራም ነው። ችግሩ የገጠማት ባለሙያ ቡድኑን ከተቀላቀለች ብዙም አልቆየችም፤ ለፕሮግራም ሥራ ግን አዲስ አይደለችም። ኮምፒውተሯ ኡቡንቱ 24.04 የተጫነበት ሲሆን ከእሱ ጋር የሚመጣው ፓይተን 3.12 ነው። ኮዱን የምትጽፈው በቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ነው፤ ፕሮግራሙን የምታስነሳው ግን አንዳንዴ ከኤዲተሩ፣ አንዳንዴ ደግሞ ለብቻው ከተከፈተ ተርሚናል ነበር። ይህ ልማድ ኋላ ላይ ችግሩን ያጋለጠው ነገር ሆነ፤ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ብትጠቀም ኖሮ ጥፋቱ ለረጅም ጊዜ ተደብቆ ይቆይ እንደነበር እገምታለሁ።

ፕሮጀክቱ የራሱ ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንት ነበረው። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ፓይተን 3.3 ጀምሮ ከቋንቋው ጋር አብሮ የሚመጣ ነው። ዓላማው የአንድ ፕሮጀክት ላይብረሪዎች (ተዘጋጅተው የሚጫኑ የኮድ ስብስቦች) ከሌላው ፕሮጀክትም፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ለራሱ ሥራ ከሚጠቀምባቸውም ተለይተው በአንድ ፎልደር ውስጥ እንዲቀመጡ ማድረግ ነው። ተጠቃሚው ኢንቫይሮንመንቱን አክቲቬት ሲያደርግ የሚሆነው ነገር ከሚታሰበው ያነሰ ነው። አክቲቬት የተባለው ስክሪፕት የኢንቫይሮንመንቱን ‹ቢን› ፎልደር ፓዝ በሚባለው፣ ትዕዛዞች የሚፈለጉባቸው ፎልደሮች ዝርዝር መጀመሪያ ላይ ያስቀምጣል፣ ቫሪያብሎች ያስተካክላል፣ በተርሚናሉ የትዕዛዝ መስመር ፊት ላይም የኢንቫይሮንመንቱን ስም በቅንፍ ይጽፋል። በተርሚናሉ የሚጻፉትን ትዕዛዞች ተቀብሎ የሚያስፈጽመው ሼል ‹ፓይተን› የሚል ትዕዛዝ ሲሰጠው የፓዝን ዝርዝር ከግራ ወደ ቀኝ እየፈተሸ መጀመሪያ ያገኘውን ያስነሳል። አክቲቬት ማድረግ ማለት ከዚህ የዘለለ ትርጉም የለውም።

ፕሮጀክቱ ሲጀመር ለሙከራ ስለነበር ፎልደሩ ‹ሪፖርት-ሙከራ› ተብሎ ነበር። ሥራው ከጸደቀ በኋላ ባለሙያዋ ፎልደሩን ‹ሪፖርት› ብላ ሰየመችው። ኮዱ የለውጦችን ታሪክ በሚመዘግበው በጊት የተያዘ ስለሆነ የስም ለውጡ ምንም አልነካውም። ኢንቫይሮንመንቱ ግን በዚያው ፎልደር ውስጥ፣ ‹.ቬንቭ› በሚል ስም ተቀምጦ ነበር።

ችግሩ እንዴት ታየ

ከኤዲተሩ ሲነሳ ፕሮግራሙ ገና በመጀመሪያዎቹ መስመሮች ይቆማል፤ ‹ያምል› የሚባል ሞጁል የለም ይላል። ይህ ሞጁል ለፕሮግራሙ የማስተካከያ ፋይል ማንበቢያ በቅርቡ የተጨመረ ነው። ከተርሚናል ሲነሳ ግን ያንን መስመር ያለ ምንም ችግር አልፎ፣ ስሌት ወደሚሠራበት ክፍል ይደርስና የቁጥር ስሌት ላይብረሪ የሆነው ናምፓይ ‹ናን› (‹ቁጥር አይደለም› ማለት ነው) የሚል አካል የለውም ብሎ ይቆማል። የሚገርመው በኤዲተሩ ይህ ሁለተኛው ስህተት ታይቶ አያውቅም፤ ያምልን የሚጠራው መስመር ለጊዜው ሲወገድ ፕሮግራሙ እስከ መጨረሻው ይሄዳል።

ባለሙያዋ ሁለቱን እንደ ሁለት የተለያዩ የኮድ ችግሮች ነበር የያዘቻቸው። ለመጀመሪያው ያምልን ለመጫን ሞከረች፤ ፒፕ የተባለው የፓኬጅ መጫኛ ‹ቀድሞ ተጭኗል› ብሎ መለሰላት። ለሁለተኛው የናምፓይን ሰነድ ተመለከተች፤ በትልቅ ፊደል የሚጀምረውና የሚጨርሰው ‹ናን› ከናምፓይ 2.0 ጀምሮ እንደተሰረዘና በትንንሽ ፊደል በሚጻፈው መተካት እንዳለበት አገኘች። ይህ ትክክል ነው። ነገር ግን የኢንቫይሮንመንቱ ናምፓይ 1.26 እንደሆነ ታስታውሳለች፤ በ1.26 ደግሞ ስሙ አልተሰረዘም። ለእኔ ስትነግረኝ ያለችው ‹‹ያልጫንኩት ናምፓይ ነው ስህተት የሚሰጠኝ፣ የጫንኩት ያምል ደግሞ አልተጫነም ይባላል›› የሚል ነበር። ከዚህ የተሻለ የችግር መግለጫ ብዙ ጊዜ አይገጥምም፤ መልሱም በውስጡ ነበር።

ቀድሞ የተሞከሩ መፍትሔዎች

ኤዲተሩ ተነቅሎ እንደገና ተጭኗል፣ የፓይተን ኤክስቴንሽኑም እንዲሁ፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆኖ ቀረ። ኤዲተርን ነቅሎ መጫን የተጠቃሚውን ማስተካከያዎችም ሆነ የፕሮጀክቱን ፎልደር አይነካምና ከዚህ የተለየ ውጤት የሚጠበቅ አልነበረም።

ከዚያ ውጪ ምን እንደተደረገ በትክክል የሚያስታውስ ሰው ስላልነበር የሼሉን የትዕዛዝ ታሪክ አብረን ከፍተን አነበብን። ሰዓት ባይኖረውም ቅደም ተከተሉን ይይዛል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ምርመራ ከሰው ትዝታ ይልቅ እሱ ይታመናል። ታሪኩ እንዲህ ይነበብ ነበር። ፎልደሩ ስም በተቀየረ ማግስት ባለሙያዋ እንደ ወትሮዋ ኢንቫይሮንመንቱን አክቲቬት አድርጋ ‹ፓይተን› ብላ ስትጽፍ፣ ኡቡንቱ እንዲህ ያለ ትዕዛዝ እንደሌለና ምናልባት ‹ፓይተን3› ለማለት ፈልጋ እንደሆነ ነገራት። በዚያ የኡቡንቱ ቨርዥን ‹ፓይተን› የሚል ትዕዛዝ ለብቻው ካልተጫነ በስተቀር የለም። እሷም በቤት ፎልደሯ ባለው የባሽ (የምትጠቀምበት ሼል) ማስተካከያ ፋይል ውስጥ ‹ፓይተን› ሲባል /ዩኤስአር/ቢን/ፓይተን3 እንዲነሳ የሚያደርግ አሊያስ ጻፈች። ትዕዛዙ መሥራት ጀመረ፤ ቀጥሎ ግን የፕሮጀክቱ ላይብረሪዎች በሙሉ የሉም ተባለ። ፕሮጀክቱ የሚያስፈልጉት ላይብረሪዎች ከተጻፉበት ዝርዝር ፋይል እንደገና ልትጭናቸው ስትል ፒፕ አሻፈረኝ አለ፤ ምክንያቱም ይህ ፓይተን በኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የሚተዳደር ነው የሚል ነበር። ክልከላውን የሚሽር አማራጭ ጨምራ ደገመችው፣ ተጫኑ። ፕሮግራሙ በተርሚናል እንደገና መነሳት ቻለ።

በዚያ ቅጽበት ችግሩ የተፈታ ይመስል ነበር። የናምፓይና የያምል ስህተቶች የመጡት ኮዱ ከተጨመረበት በኋላ ነውና ከፎልደሩ ስም ጋር ማንም አላገናኛቸውም።

ምርመራው

መጀመሪያ የጠየቅሁት ምንም ነገር እንዳይጫን፣ እንዳይነቀልና እንዳይስተካከል ነው። ቀጥሎ ሦስት ነገር ብቻ የሚያትም ትንሽ ፋይል ጻፍን፤ እየሠራ ያለው የፓይተን ኢንተርፕሪተር (ኮዱን አንብቦ የሚያስፈጽመው ፕሮግራም) ሙሉ አድራሻ፣ የሥሩ ፎልደር አድራሻ፣ እንዲሁም ናምፓይ ከየት እንደተነሳና ቨርዥኑ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ‹ሲስ› ከተባለው ሞጁል፣ ‹ኤክስኪዩተብል› እና ‹ፕሪፊክስ› ከሚሉት የሚገኙ ናቸው። ይህን ፋይል አንዴ ከተርሚናል፣ አንዴ ከኤዲተር አስነሳነው።

ከተርሚናል የመጣው መልስ /ዩኤስአር/ቢን/ፓይተን3 የሚል ነበር፤ ናምፓይም ከቤት ፎልደሯ ሥር፣ ‹.ሎካል› ከሚባለው ፎልደር የተነሳ 2 ተብሎ የሚጀምር ቨርዥን ነው። ከኤዲተሩ የመጣው ደግሞ በ‹ሪፖርት› ሥር ያለው የ‹.ቬንቭ› ፓይተን ሲሆን፣ ናምፓዩም ያው ቀድሞ የሚታወቀው 1.26 ነበር። ሁለቱም የስህተት መልእክቶች እውነት ይናገሩ ነበር ማለት ነው። የተርሚናሉ ፓይተን ያምልን የሚያገኘው ኡቡንቱ ለራሱ ሥራ ስለሚያስፈልገው አብሮ የሚጭነው በመሆኑ ነው። ቀደም ሲል ፒፕ ‹ቀድሞ ተጭኗል› ሲል በዚያው መስመር መጨረሻ ላይ የተጫነበትን ቦታ ጽፎት ነበር፤ ‹ዲስት-ፓኬጅስ› በሚል ያበቃል። ኡቡንቱ በተመሠረተበት በደቢያንና በራሱ በኡቡንቱ ይህ ስም የሲስተሙ ፓኬጆች መቀመጫ ነው፤ በቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንት ውስጥ ስሙ ‹ሳይት-ፓኬጅስ› ነው። አብዛኛው ሰው ‹ቀድሞ ተጭኗል› የሚለውን አንብቦ አድራሻውን ይዘለዋል፤ ቁም ነገሩ ግን አድራሻው ላይ ነበር።

የናምፓይ ልዩነት የመጣው ከዝርዝር ፋይሉ ነው። ኢንቫይሮንመንቱ ሲፈጠር በዝርዝሩ ውስጥ የነበረ ሌላ ላይብረሪ ናምፓይ ከ2 በታች እንዲሆን ያስገድድ ነበር። ያ ላይብረሪ ኋላ አያስፈልግም ተብሎ ሲወጣ ገደቡም አብሮት ወጣ። አሮጌው ኢንቫይሮንመንት 1.26ን እንደያዘ ቀረ፤ አዲሱ ጭነት ግን የሚከለክለው ስለሌለ የቅርቡን ቨርዥን አመጣ።

እስካሁን ሁለት ኢንተርፕሪተሮች እንዳሉ ታወቀ፤ ለምን የሚለው ግን አልተመለሰም። የተርሚናሉ የትዕዛዝ መስመር ፊት ‹.ቬንቭ› የሚለውን ስም በቅንፍ ይዞ ነበር፤ ሲታይ ኢንቫይሮንመንቱ ሥራ ላይ ነው። ፓዝን ስናትም የመጀመሪያው አድራሻ የሚያበቃው ‹ሪፖርት-ሙከራ/.ቬንቭ/ቢን› በሚል ነበር። እንዲህ ያለ ፎልደር የለም። ሼሉ የሌለ ፎልደር ሲያጋጥመው አያማርርም፤ ዘሎ ወደሚቀጥለው ይሄዳል፣ ቀጣዩም የሲስተሙ ነው።

የአክቲቬት ስክሪፕቱን ከፍተን ስናይ የኢንቫይሮንመንቱ ሙሉ አድራሻ በተፈጠረበት ቀን እንደነበረው በግልጽ ተጽፎበታል። ‹ግሬፕ› በተባለው መፈለጊያ የድሮውን ስም በ‹ቢን› ፎልደር ውስጥ ስንፈልግ ደግሞ ፒፕን ጨምሮ ሌሎች ትዕዛዞችም በመጀመሪያ መስመራቸው ያንኑ አድራሻ ይዘው ተገኙ። ኢንቫይሮንመንቱ ቤት ቀይሮ የድሮ አድራሻውን ለጠየቀው ሁሉ እንደሚሰጥ ሰው ሆኖ ነበር። የፓይተን ኢንተርፕሪተሩ ራሱ ግን በዚህ አይታለልም። እሱ ወደ ሲስተሙ ፓይተን የሚያመለክት ሲምሊንክ ነው፤ ሲነሳ አጠገቡ ያለውን የኢንቫይሮንመንት ማስተካከያ ፋይል አይቶ ያለበትን ቦታ ከራሱ አቀማመጥ ይረዳል። ኤዲተሩ ፎልደሩን በአዲስ ስሙ ሲከፍተው ‹.ቬንቭ›ን አግኝቶ ኢንተርፕሪተሩን በቀጥታ በአድራሻው ስለሚጠራ፣ አክቲቬት የሚባለው ስክሪፕት ሳያስፈልገው በትክክለኛው ኢንቫይሮንመንት ይሠራ ነበር። የተበላሸ ይመስል የነበረው ኤዲተር ጤነኛ ሆኖ፣ ጤነኛ ይመስል የነበረው ተርሚናል ነው የተሳሳተው።

ማስተካከያው

አንድ የቡድኑ አባል በአክቲቬት ስክሪፕት ውስጥ ያለውን የድሮ ስም በአዲሱ መተካት ይበቃል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ይሠራ ነበር፤ ግን ግማሽ መንገድ ብቻ ነው። የፒፕና የሌሎቹ ትዕዛዞች የመጀመሪያ መስመሮችም መስተካከል አለባቸው፣ አንዱ ቢረሳ ደግሞ ከዛሬው ይልቅ ለማግኘት የሚከብድ ችግር ይተክላል። የፓይተን ሰነድም ቢሆን ኢንቫይሮንመንት ከቦታ ቦታ የሚዘዋወር ነገር አለመሆኑንና ቦታው ሲቀየር እንደገና መፈጠር እንዳለበት ይናገራል። ስለዚህ እንደገና ለመፍጠር ወሰንን።

ከዚያ በፊት በሁለቱም ኢንተርፕሪተሮች የተጫኑትን ላይብረሪዎች ከነቨርዥናቸው ወደ ሁለት ፋይሎች ጽፈን አስቀመጥን። የድሮውን ‹.ቬንቭ› ከመሰረዝ ይልቅ ለጊዜው ስሙን ቀየርነው። ቀጥለን አዲስ ኢንቫይሮንመንት ፈጠርን፣ ዝርዝር ፋይሉ ውስጥ ያምልን ጨመርን፣ ጫንን። እዚህ ላይ አንድ ትንሽ እንቅፋት ነበር፤ በኮድ ውስጥ ‹ያምል› ተብሎ የሚጠራው ላይብረሪ የሚጫነው ‹ፓይያምል› በሚል ስም ነው። ‹ፒል› የሚባለው የምስል ላይብረሪ በ‹ፒሎው›፣ ‹ኤስኬለርን› ደግሞ በ‹ሳይኪት-ለርን› ስም እንደሚጫኑት ሁሉ፣ የሚጠራበትና የሚጫንበት ስም አንድ ላይሆን ይችላል።

አዲስ ተርሚናል ከፍተን አክቲቬት አደረግን። የፓዝ የመጀመሪያ አድራሻ ትክክል ነው። ‹ዊች› የተባለው ትዕዛዝ ‹ፓይተን› የት እንዳለ ሲጠየቅ አዲሱን ኢንቫይሮንመንት ጠቆመ። ትንሿን የምርመራ ፋይል ስናስነሳት ግን እንደገና /ዩኤስአር/ቢን/ፓይተን3 አለች።

ይህ የአሊያሱ ሥራ ነው። ሼሉ ፓዝን ከመመልከቱ በፊት አሊያስ እንዳለ ያያል፤ ካለ ፓዝ ምንም ቢል ዋጋ የለውም። በኡቡንቱ ‹ዊች› ከሼሉ ውጪ የሚኖር ስክሪፕት በመሆኑ የሼሉን አሊያሶች አያውቅም፤ የሚፈትሸው ፓዝን ብቻ ነው። በባሽ ውስጥ ያለው ‹ታይፕ› የሚባለው ትዕዛዝ ግን የሼሉ አካል ነው፤ ሁሉንም እንዲዘረዝር ሲጠየቅ በመጀመሪያው መስመር አሊያሱን፣ በሁለተኛው የኢንቫይሮንመንቱን ፓይተን አወጣ። በዚህ ሁኔታ ብንቀጥል ኖሮ ፒፕ አሊያስ ስለሌለው ላይብረሪዎችን በአዲሱ ኢንቫይሮንመንት ይጭን፣ ፓይተን ደግሞ ከሲስተሙ ይፈልግ ነበር፤ ከመጀመሪያውም የከፋ ግራ መጋባት ነው። አሊያሱን ከማስተካከያ ፋይሉ አውጥተን፣ የተከፈቱ ተርሚናሎችን ሁሉ ዘግተን ስንጀምር ሁለቱም ቦታዎች አንድ መልስ ሰጡ። የማስተካከያ ፋይል መለወጥ ቀድሞ በተከፈተ ተርሚናል ላይ ለውጥ አያመጣም፤ ይህን በመርሳት ትክክለኛውን መፍትሔ አልሠራም ብሎ የተወ ሰው ብዙ ነው።

በኮዱ ውስጥ የነበረውን የ‹ናን› አጻጻፍ በትንንሽ ፊደል ተካነው፤ ይህኛው በሁለቱም የናምፓይ ቨርዥኖች ይሠራል። በዝርዝር ፋይሉ ውስጥም የእያንዳንዱ ላይብረሪ ቨርዥን በቁጥር ተጻፈ።

የቀረው በቤት ፎልደሯ ሥር በ‹.ሎካል› የተከማቸው ነው። አዲሱ ኢንቫይሮንመንት እዚያ ያለውን በነባሪው አይመለከተውምና ለፕሮጀክቱ ጉዳት የለውም። የሲስተሙን ፓይተን የሚጠቀሙ ሌሎች ፕሮግራሞች ግን በእሷ ስም ሲነሱ ከሲስተሙ ላይብረሪ አስቀድመው ይህን ያገኛሉ፤ ደቢያን ከ12፣ ኡቡንቱ ከ23.04 ጀምሮ ፒፕን በሲስተሙ ፓይተን ላይ የሚከለክሉት ሳይቃጠል በቅጠል ለማለት ነው። ስለዚህ በተጠቃሚዋ ሥር የተጫኑትን ብቻ ለይተን ዘርዝረን ነቀልን፤ በ‹ዲስት-ፓኬጅስ› ያሉትን አልነካንም።

ያልሠራውና በከፊል የሠራው

በሲስተሙ ፓይተን የተጫኑትን ሁሉ አውጥቶ እንደ ፕሮጀክቱ ዝርዝር መጠቀም ከእኔ በፊት ተሞክሮ ነበር፤ አልተሳካም። በኡቡንቱ ይህ ዝርዝር ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ለራሱ የሚያስፈልጉትን፣ ከፒፕ ማከማቻ በዚያ ቨርዥን የማይገኙ ፓኬጆችንም ይጨምራል፤ ጭነቱ እነሱ ላይ ሲደርስ ይሰናከላል። ያስቀመጥናቸው ሁለት ፋይሎች ለንጽጽር ጠቀሙን እንጂ ዝርዝር ሆነው አላገለገሉም።

ለወደፊቱ ብለን ያደረግናቸው ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንደኛው ፒፕ ከቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንት ውጪ እንዳይጭን የሚያደርገውን ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል በየባለሙያው ኮምፒውተር ማስተካከል ነው። ይህ በደንብ ሠርቷል፤ ፒፕ የሚፈትሸው በትዕዛዝ መስመሩ ፊት የተጻፈውን ስም ሳይሆን ኢንተርፕሪተሩ በእርግጥ ያለበትን ቦታ ነውና። ሁለተኛው ፕሮግራሙ ሲነሳ ‹ፕሪፊክስ› እና ‹ቤዝ ፕሪፊክስ› የተባሉትን እንዲያወዳድርና እኩል ከሆኑ፣ ማለትም ከኢንቫይሮንመንት ውጪ ከሆነ፣ እንዲቆም ማድረግ ነበር። ይህኛው በከፊል ብቻ ሠራ። ፕሮግራሙ በኮንቴይነር (ከሌላው ሲስተም ተለይቶ በታሸገ የሥራ አካባቢ) ውስጥም ይነሳል፤ ኮንቴይነሩ ለአንድ ሥራ ብቻ የተዘጋጀ ስለሆነ በሲስተሙ ፓይተን መሥራቱ ነውር የለውም፣ ፍተሻው ግን አቆመው። አሁን ፍተሻው ፕሮግራሙን አያቆምም፤ ማስጠንቀቂያ ጽፎ ያልፋል። ማስጠንቀቂያ ምን ያህል እንደሚነበብ ሁላችንም እናውቃለን።

ኤዲተሩም ኢንቫይሮንመንቱ ከተፈጠረ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ከያምል ሥር ቀይ መስመር ማስመሩን ቀጥሎ ነበር፤ መስኮቱ እንደገና ሲከፈት ጠፋ።

ወደ ሌላ ሥራ የሚሻገሩ ነጥቦች

አንድ ኮድ በሁለት ቦታ ሁለት የማይገጣጠሙ ስህተቶች ሲሰጥ፣ ስህተቶቹን አንድ በአንድ ለመፍታት ከመሞከር በፊት ኮዱን እያስነሳው ያለው ማን እንደሆነ ከራሱ ከፕሮግራሙ መጠየቅ ይገባል። መልሱ መምጣት ያለበት ከውስጥ ነው። በትዕዛዝ መስመሩ ፊት ያለ ስም፣ የ‹ዊች› መልስ፣ በኤዲተሩ ግርጌ የሚታይ ጽሑፍ፣ ሁሉም ምን እንዲሆን እንደታሰበ ይናገራሉ፤ ምን እንደሆነ ግን የሚያውቀው እየሠራ ያለው ኢንተርፕሪተር ነው።

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚሻው የፒፕ ክልከላ ይመስለኛል። ያ መልእክት ጤነኛ በሆነ ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንት ውስጥ ጨርሶ አይመጣም። አክቲቬት አድርጌያለሁ ለሚል ሰው ከመጣ፣ አክቲቬት እንዳልሆነ የሚያስረዳ ሙሉ ማስረጃ ነው፤ ከእሱ ወዲያ ምርመራ አያስፈልግም ነበር ማለት ይቻላል። ሆኖም መልእክቱ ረጅም ነው፣ በመጨረሻው ላይ ክልከላውን የሚሽረውን አማራጭ ራሱ ይናገራል፣ የቸኮለ ሰው ደግሞ ከታች ጀምሮ ነው የሚያነበው። አንድ መሣሪያ እምቢ ሲል እምቢታውን የሚሽር መንገድ ከመፈለግ በፊት፣ እኔ ባለሁበት ሁኔታ ይህ እምቢታ ሊመጣ ይገባ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ብዙ ሰዓት ያድናል።

ኢንቫይሮንመንት ከዝርዝር ፋይል የሚወጣ ውጤት ነው፤ ተሰርዞ እንደገና ሊፈጠር የማይችል ከሆነ ጉድለቱ ያለው ዝርዝሩ ላይ ነው። በዚህ ጉዳይ ያምል ከዝርዝሩ መቅረቱና የናምፓይ ገደብ ሳይታወቅ መጥፋቱ የተገለጡት ንጹሕ ኢንቫይሮንመንት ስለተፈጠረ ብቻ ነው። ቡድኑ አሁን ዝርዝሩ በተለወጠ ቁጥር አዲስ ኢንቫይሮንመንት ፈጥሮ ፕሮግራሙን ያስነሳል።

ጉዳዩ የፓይተን ብቻ አይደለም። በጃቫ ሥራ ላይ ‹ጃቫ› የሚለው ትዕዛዝ ከፓዝ የሚገኘውን ቨርዥን ሲያስነሳ፣ የጃቫ ኮድ መገንቢያው ሜቨን ደግሞ ‹ጃቫ ሆም› በሚባለው ቫሪያብል የተጠቆመውን ይጠቀማል፤ ሁለቱ ካልተስማሙ በትዕዛዝ የሚታየው ቨርዥንና ኮዱ የሚገነባበት ይለያያሉ። ሜቨን ቨርዥኑን ሲጠየቅ የሚጠቀምበትን ጃቫም አብሮ ስለሚናገር እሱን መጠየቅ ይቀላል። ጃቫስክሪፕትን የሚያስነሳውን ኖድን፣ ቨርዥኖቹን በሚያቀያይረው በኤንቪኤም የሚያስተዳድሩ ሰዎችም ተመሳሳይ ነገር ይገጥማቸዋል። ኤንቪኤም የሚነሳው ሼሉ የማስተካከያ ፋይሉን ሲያነብ ነውና፣ ከዴስክቶፕ ምልክቱ ተጭኖ የተከፈተ ኤዲተር ላያገኘው፣ ወይም በሲስተሙ ላይ ያለ ሌላ ኖድ ሊያገኝ ይችላል። ኤዲተሩን ከዚያው ተርሚናል በትዕዛዝ ከፍቶ ችግሩ ከጠፋ መንስኤው ከኮዱ ውጪ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል።

ትንሿ የምርመራ ፋይል በፕሮጀክቱ ውስጥ ቀርታለች። የሥራ አካባቢ ችግር የሚያመለክት የቡድኑ አባል በተርሚናልና በኤዲተር ካስነሳት በኋላ የሁለቱን ውጤት ከስህተት መልእክቱ በፊት ያስቀድማል።